አሥራ ዘጠኝ ቡሎን

«ፍሪሲዮን የሌላት፣ ምኗ ነው መኪና?
ጋሪ በሏት እንጂ፣ ፈረሷን ፍቱና!»
ይል ነበር አባቴ፣ በደኅናው ዘመን፣
ቡና ጭኖ በኤንትሬ ሲወርድ ጊቤን፤
ማርሹን በጆሮው ሰምቶ እየቀየረ፣
ግራ እግሩ ሲረግጥ፣ ሲለቅ እየኖረ።

አምና በረመዳን፣ ለሱሁር ስንጣራ፣
ቀኝ ጎኑ ተነሣ፤ ተኝቶ ቀረ ግራ።
እጁ ቀስ በቀስ ነቃ፤ እግሩ ግን እንቢ አለ፤
ጫማውን ያጠልቃል፤ የሌላ ሰው መሰለ።

ለዚህ ነው የገዛናት፣ ያቺን የናቃትን፣
ቀኝ እግር ብቻ በቅቷት የምትሄደውን።
ደላላው ምሏል፦ «የካምቢዮዋ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፤ አይነካ!»
የማን ዕድሜ እንደሆነ አልጠየቅንም ለካ።
በጅሬን ዳገት ላይ፣ ሁለትን ስትጨርስ
ታመነታለች፤ ሞተሩ ባዶውን ሲያለቅስ፣
ከዚያ ሦስት ትገባለች፣ በርግጫ፣ ወንበር እስኪፈርስ።

«ጋራዥ አልወስዳትም» አለ። «ሁለት እጅ የለሽም?»
እኔን ነው፣ ሹክሪያን፤ ባዮሎጂ የማስተምር፣
ከእንቁራሪት በቀር ሆድ ከፍቼ የማላውቅ በምድር።

ክሪክ ከተማም ተዋስን። «ክሪክ አይታመንም፤
ግንድ ደግፊበት፤ እኔ ልጅ አልቀብርም።»
በካርቶን ተንሸራትቼ ከሥሯ ገባሁ።
አባቴ በርጩማው ላይ ነው፤ ጫማዎቹን ብቻ አየሁ።
ድምፁ ከላይ ይመጣል፦ «ለብ ትበል እንጂ አትፍላ፤
ቀስ ብለሽ ፍቺው፣ ፊትሽ ላይ እንዳይሞላ።»

ወጣ። ስንገዛው እንደ ማርማላታ የሚቀላው
ጠቁሯል። አባቴ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፤
«ያረረ ሽንኩርት» አለ። «በሃይላንድ ስፈሪው፤
የወጣውን ያህል ነው መልሰን የምንሞላው።»
ሦስት ሃይላንድ ከግማሽ።

የኮፓውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አቀበልኩት፤
በኒዶ ክዳን ላይ ሲጥላቸው ሰማሁት፦
«ቶኮ... ለማ... ሰዲ...» እስከ ኩደ ሰገል፣
ገና በነቃው እጅ፣ አንዳንዱ ሲንከባለል።

ኮፓው ሲወርድ፣ ማግኔቱ ጸጉር አብቅሏል፣ ግራጫ።
«ዱቄት ነው ወይስ ስባሪ? ዱቄት ዕድሜ ነው፤
ስባሪ ከሆነ፣ ክደኚና እንተወው።»
ዱቄት ነበር። ጠረግሁት።
ፊልትሮውን ስነቅል «ቀለበቷስ?» አለኝ።
እውነትም የጎማ ቀለበቷ እላይ ተጣብቃ ቀርታ አገኘኋት፤
እኔ ከሥሯ ተኝቼ ያላየኋትን፣ እሱ ተቀምጦ አያት።

አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን። «ከዳር ወደ ዳር እሰሪ፤
በክንድሽ አይደለም፣ በአንጓሽ ነው፤ ስስ ነው፣ አደራ፣ እንዳትሰብሪ።»
አሥራ ስምንት አሰርኩ። አንድ ቀዳዳ ቀረ።
«ቆጥሬያለሁ!» አለ፤ ክዳኑን ገልብጦ ተማረረ።
ቀዩን ጭቃ ፈተሽን፣ የዘይቱን ሳፋ፤
ዶሮዋን ጠረጠርን፣ ዝናቡ እስኪያካፋ።
«አርጅቻለሁ፣ በቃ» አለ።
ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የመግሪብ አዛን ወጣ። ለውዱእ ውኃ አመጣሁ።
ግራ ጫማውን የማወልቀው እኔ ነኝ፤ ሳብ አድርጌ አወለቅሁ።
ቡሎኑ ጠብ አለ።

ውስጥ እግሩ ላይ ስድስት ማዕዘን፣ እንደ ማኅተም የተመታ፣
ወይን ጠጅ መስሎ ሰርጉዷል፤ ከቀትር እስከ ማታ።
እግሩን አየው። ብዙ ቆየ።
ከዚያ፣ የሰው ልጅ እንደሚያባብል፣ በመዳፉ ዳበሰው፤
«ይኸው፣ ሲጠብቅልን ውሏል» አለ፣ «እኔ ነኝ የማልሰማው።»

በስልክ መብራት አሰርኩት። ዘይቱን በቱቦ ሞላን።
ሞተሩ እንደተነሣ፣ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣
በየአንዱ ላይ እየቆየ አዘዋወራት፤
እኔም መለኪያውን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ደግሜ ነከርኩት።

በማግስቱ ጅሬን። መሪው የሱ ነው።
ከታጠፍን በኋላ፣ ባሕር ዛፎቹን ስናልፍ፣
«ሦስት መቼ ገባ?» አለኝ።
«ቅድም ገብቷል፣ አባ።»
«እኔ አልተሰማኝም» አለ፣ ደስ ብሎት፣
ግራ እግሩ ምንጣፉ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ።
ጠዋት ጫማውን ሁለት ጊዜ አራግፌዋለሁ።